የሦስት ሰዓት ካሴት በአንድ ዲስክ

ካሴት ወደ ዲቪዲ ለማስገልበጥ ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ኮፒ እንደሚፈልግና ለመቼ እንዲደርስለት ነው። በየትኛው የጥራት ደረጃ ይቀዳ፣ ድምፁ ከየትኛው ትራክ ይወሰድ፣ ካሴቱ የተቀረጸው በየትኛው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በፓል ነው ወይስ በኤንቲኤስሲ የሚሉት ጥያቄዎች እምብዛም አይነሱም። የዲቪዲ መቅጃ ገዝቶ ወይም ከውጭ አስልኮ ቤቱ ያስቀመጠ ሰውም ቢሆን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዶቹን ከቪዲዮ ዴኩ ጋር አገናኝቶ የመቅጃውን ቁልፍ ይጫናል እንጂ ሜኑውን ከፍቶ ማስተካከያዎቹን አያይም። አለማየቱ አይገርምም። ማሽኑ ሳይነካ ይሠራል፤ ምስል ይመጣል፣ ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን የዲቪዲ መቅጃ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የሚወጣው ካሴት ከማስገልበጥ ጋር ፈጽሞ ለማይመሳሰል ሥራ ነው። ስለዚህ የወላጆቹን ሰርግ የሚያስገልብጥ ሰው ምርጫውን ለፋብሪካውም ሆነ ለቪዲዮ ቤቱ ሊተወው አይገባም እላለሁ።

ፓዮኒር የመጀመሪያውን የቤት ዲቪዲ መቅጃ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ነበር። መሣሪያው የታሰበው የቪዲዮ ዴክን ቦታ ተክቶ፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ የሚያመልጠውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ እንዲያቆይለት ነው። እንዲህ ያለው ተጠቃሚ የዛሬውን ቀድቶ ነገ ያይና ያጠፋዋል። ለእሱ አንድ ዲስክ ብዙ ሰዓት መያዙ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቅጂው ቢበላሽበትም የሚያጣው የአንድ ድራማ አንድ ክፍል ነው። ካሴት የሚያስገልብጥ ቤተሰብ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጄቪሲ ቪኤችኤስን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ስለሆነ ዛሬ በየቤቱ ያሉት ካሴቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በቴፑ ላይ ያለው ማግኔታዊ ቅብ በሙቀት፣ በእርጥበትና በአቧራ ይዳከማል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የመጨረሻው የታወቀ የዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ያገለገለ፣ ሄዱ የሳሳ፣ መለዋወጫው በፍለጋ የሚገኝ ዴክ ነው። እናም ካሴቱ የሚገለበጠው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ አንድ ጊዜ የተመረጠው ማስተካከያ የልጅ ልጆች የሚያዩትን ይወስናል።

ከማስተካከያዎቹ ሁሉ የሚከብደው የመቅጃ ሁነታው ነው። ባለ 4.7 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ኤክስፒ በሚባለው ሁነታ 1 ሰዓት፣ በኤስፒ 2 ሰዓት፣ በኤልፒ 4 ሰዓት፣ በኢፒ ደግሞ እንደ ማሽኑ 6 ወይም 8 ሰዓት ይይዛል። ዲስኩ ያው ዲስክ ነው፤ የሚቀንሰው ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚደርሰው ድርሻ ነው። በአንድ ሰዓቱ ሁነታ ለሰከንድ 10 ሜጋቢት ገደማ ይደርሳል፤ በሁለት ሰዓቱ 5፣ በአራት ሰዓቱ 2.5፣ በስምንት ሰዓቱ ከ1.5 በታች። የፓል ምስል ሳይታመቅ በዲጂታል ቢቀመጥ በሰከንድ ከ160 ሜጋቢት በላይ እንደሚፈልግ ስናስብ፣ በሁለት ሰዓቱ ሁነታ እንኳ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ይገባናል። ማመቂያው ኤምፔግ 2 ይባላል። ምስሉን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍልና ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ይመዘግባል። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲመርቅ የሚለወጠው ከንፈሩና እጁ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ድርሻ ይበቃል። እስክስታው ሲደራ፣ ሙሽሮቹ ላይ ወረቀት ሲበተን፣ ካሜራው በእልልታ መሐል ሲዞር ግን የፍሬሙ ሁሉ ነገር ባንዴ ይለወጣል። ያኔ ድርሻው ካላዳረሰ ማሽኑ ዝርዝሩን እየጣለ ይሄዳል፤ ፊት ላይ አራት ማዕዘን ንጣፍ ይወጣል፣ የጥበቡ ጥለት ይፈስሳል። የኛ ሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ግማሹ ጭፈራ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው የካሴቱ ርዝመት ነው። በፓል አገሮች የተለመደው ኢ-180 የሚባለው ካሴት 3 ሰዓት ይይዛል። ሦስት ሰዓት በሁለት ሰዓቱ ሁነታ አንድ ዲስክ ላይ አይገባም፤ ቀጣዩ ደረጃ ባለ አራት ሰዓቱ ነው። ጥድፊያ ያለበት ቪዲዮ ቤት ያንን ይመርጣል፣ ካሴቱም በአንድ ዲስክ ያልቃል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ውጤቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሁለት ኪሳራ ያገኝበታል። ጥራቱ ተቀንሷል፤ ከዲስኩ ደግሞ ሩቡ ባዶ ቀርቷል። በፓናሶኒክ መቅጃዎች ላይ ኤፍአር የሚባለው፣ በፓዮኒር ላይ ደግሞ በእጅ የሚመረጡት ተከታታይ የኤምኤን ደረጃዎች ለዚህ ችግር የተሠሩ ናቸው። ካሴቱ የሚወስደውን ጊዜ ትነግረዋለህ ወይም ትመርጥለታለህ፣ ማሽኑ ዲስኩን እስከ ጠርዙ የሚሞላውን ጥራት ይሰጥሃል። ከዚያም የተሻለው ካሴቱን ለሁለት ከፍሎ፣ የሰርጉን ዕለት በአንዱ፣ መልሱንና ቅልቅሉን በሌላው፣ በየዲስኩ አንድ ሰዓት ተኩል እየመደቡ መቅዳት ነው። ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት የሚይዘውን ሁነታ ግን ለካሴት ማስገልበጫ ፈጽሞ አልመክርም። በፓል የዲቪዲ ሙሉ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ በዚያ ሁነታ ግን አብዛኞቹ ማሽኖች ወደ 352 በ288 ያወርዱታል። ይህ የአማርኛ ፊልሞች ይሸጡበት የነበረው የቪሲዲ ልክ ነው። በወርድም በቁመትም ከመቀነሱ ሌላ፣ የቴሌቪዥን ምስል በየሰከንዱ ከሚያሳያቸው 50 የእንቅስቃሴ ቅጽበቶች ግማሹ ይጣላል፤ ትከሻው ሲመታ የሚታየው ለስላሳ እንቅስቃሴ ወደ መንቀጥቀጥ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት መቃወሚያ አለ፤ ጠንካራም ነው። ቪኤችኤስ ራሱ ደካማ ነው፣ በአግድም የሚለየው 240 መስመር ገደማ ነው፣ ስለዚህ 720 ነጥብ ለእሱ ብክነት ነው፣ የአራት ሰዓቱ ሁነታ በብዙ ማሽኖች የሚጠቀመው 352 ነጥብ ይበቃዋል ይላሉ። በነጥብ ቁጥር ብቻ ከሄድን እውነታቸውን ነው። የሚዘነጉት ግን አሮጌ ካሴት ከጥሩ ስርጭት ይልቅ ለማመቅ የሚያስቸግር መሆኑን ነው። ያረጀ ቴፕ ምስል ላይ ሁልጊዜ የሚርመሰመስ ሽውታ አለ፤ ቀለሙ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ ይወዛወዛል። ማመቂያው ሽውታን ከፊት መለየት አይችልም፤ ሁለቱም ለእሱ የተለወጠ ነገር ናቸው። ስለዚህ ካለው ጥቂት ድርሻ ላይ አብዛኛውን ለሽውታው ይከፍልና ፊቱ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል። ካሴቱ በባሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ድርሻ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አንዳንድ መቅጃዎች ሜኑ ውስጥ ከውጭ የሚገባውን ምስል ሽውታ የሚቀንስ ማጣሪያ አላቸው፤ በመጠኑ ሲሆን በእርግጥ ይረዳል። እስከ መጨረሻው ከተጫነ ግን የአዛውንቱን ግንባር መስመር ከሽውታው ጋር አብሮ ይጠርገዋል፣ ሰዉ ሁሉ ከሰም የተሠራ ይመስላል። በመካከለኛው ደረጃ አሥር ደቂቃ ቀድቶ፣ ማጣሪያውን አጥፍቶ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቀድቶ ማወዳደር ከማንም ምክር ይበልጣል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የገንዘብና የጊዜ ነው። ጊዜን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ ካሴት የሚገለበጠው እየተጫወተ ስለሆነ የሦስት ሰዓት ካሴት በየትኛውም ሁነታ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጥራት የሚጨምረው የአንድ ባዶ ዲስክ ዋጋና ካሴቱ መሐል ላይ ቆሞ ዲስክ ለመለወጥ የሚጠፋውን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለአዳራሹ፣ ለድግሱና ለቀረጻው ያን ጊዜ ከወጣው ጋር ሲተያይ ይህ ወጪ የሚጠቀስ አይደለም። «ለዓይን ልዩነቱ አይታይም» የሚለው ደግሞ በድሮው 21 ኢንች ቴሌቪዥን ልክ ነበር። ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ያለው 43 ወይም 55 ኢንች ሲሆን እያንዳንዷን ንጣፍ አጉልቶ ያወጣታል።

ስለ ድምፅ የሚነሳው ነገር ከምስሉም ይበልጥ ችላ የተባለ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳዝነው የድምፁ ብክነት ይመስለኛል። ቪኤችኤስ ካሴት ላይ ድምፅ በሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል። አንደኛው በቴፑ ጠርዝ የሚሄደው ተራው ትራክ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሞኖና ሽውታ ያለበት ነው። ሁለተኛው ሃይ-ፋይ የሚባለው፣ በሚሽከረከረው ሄድ ከምስሉ ጋር አብሮ የሚቀረጸው የጠራ ስቴሪዮ ድምፅ ነው። ሃይ-ፋይ ያለው ዴክ በሪሞቱ ወይም በሜኑው ሃይ-ፋይ፣ ኖርማል ወይም ድብልቅ እያለ ያስመርጣል። ምርጫው የጥራት ብቻ አይደለም። ባለሙያው በዴኩ ላይ ባለው የድምፅ መጫኛ ተጠቅሞ ዘፈን ጨምሮ ከሆነ የተተካው የጠርዙ ትራክ ብቻ ነው፤ የሃይ-ፋዩን ድምፅ ምስሉን ሳያጠፉ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ በሃይ-ፋይ የተቀረጸ ዋና ካሴት ከሆነ፣ ዘፈን የተጫነበት የሽማግሌዎች ምርቃት፣ የእናት እልልታና ሙሽሪት ስትወጣ የተዘፈነው «አይዞሽ» ከሥሩ እንዳለ ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ካሴት እንዲህ አይደለም። በሞኖ ካሜራ የተቀረጸ አንድ ትራክ ብቻ አለው፤ ተቆራርጦ ወደ ሌላ ካሴት የተላለፈ ኮፒም ላይ ሁለቱ ትራኮች ያው አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ይህን ለማወቅ ግን ካሴቱን አስጀምሮ ቁልፉን ከሃይ-ፋይ ወደ ኖርማል መለወጥና ጥቂት ደቂቃ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያልተሞከረ እንደሆነ መቅጃው ዴኩ የሰጠውን ተቀብሎ ይቀዳል፣ ሌላው ድምፅ ካሴቱ ውስጥ ቀርቶ ከካሴቱ ጋር ያልፋል።

በመቅጃው በኩል ያለው የድምፅ ምርጫ ቀላል ነው፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። በአንድ ሰዓቱ ሁነታ ብዙ ማሽኖች ያልታመቀውን ኤልፒሲኤምና የታመቀውን ዶልቢ ዲጂታል ያስመርጣሉ። ያልታመቀው በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል፣ ዶልቢው ግን 256 ኪሎቢት ቢወስድ ነው። የጠርዙ ሞኖ ትራክ ላለበት ካሴት ያልታመቀውን መምረጥ ለምስሉ የሚገባውን ድርሻ ለሽውታ መስጠት ነው። በሃይ-ፋይ የተቀረጸ መዝሙር ወይም የባንድ ሙዚቃ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ያኔ ያልታመቀው ዋጋ አለው። ገመድን በተመለከተ ደግሞ ነጩ ብቻ ተሰክቶ ቀዩ ከተረሳ ድምፁ በግራ ብቻ ይቀዳል፤ ከእንዲህ ያለው ስህተት የሚያድነው ከመጀመሩ በፊት በጆሮ ማዳመጫ መፈተሽ ነው።

ካሴቱ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን የሚጨመር ጥያቄ አለ። በዋሺንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ የተደገሰ ሰርግ፣ ክርስትና ወይም የምረቃ በዓል የተቀረጸው በኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ። እኛ የምንጠቀምበት ፓል 625 መስመርና 25 ፍሬም ነው። ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የመጣ ካሴት እንደኛው ፓል ስለሆነ አያስቸግርም። እዚህ ያሉ ሁለቱንም የሚያጫውቱ ዴኮች የአሜሪካውን ካሴት ሲያጫውቱ ብዙዎቹ የሚያወጡት ግማሽ ፓል፣ ግማሽ ኤንቲኤስሲ የሆነ ድብልቅ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ይህን ታግሶ ያሳየው ነበር። መቅጃው ግን ብዙ ጊዜ አይቀበለውም፤ ወይ ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፣ ወይ ያንከባልለዋል። ያን ጊዜ «ካሴቱ ተበላሽቷል» ተብሎ ይመለሳል፣ ካሴቱ ግን ደህና ነው። መፍትሔው የዴኩን መውጫ ወደ ንጹህ ኤንቲኤስሲ ማዞር፣ የመቅጃውንም የቴሌቪዥን ሥርዓት እንዲሁ ማድረግና ለእነዚህ ካሴቶች ለብቻቸው ዲስክ መመደብ ነው። ወደ ፓል ማስቀየር አያስፈልግም፤ መቀየሩ ፍሬሞችን ስለሚያዛባ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። አሁን ያሉት ቴሌቪዥኖችና ማጫወቻዎች በአብዛኛው ሁለቱንም ያሳያሉ። በዲቪዲ የክልል ቁልፍ ኢትዮጵያ በክልል 5፣ አሜሪካ በክልል 1 መሆናቸው የሚያሳስበው ሰውም ካለ፣ ያ ቁልፍ በፊልም ኩባንያ ለታተመ ዲስክ እንጂ ቤት ለተቀዳ አይሠራም። በአሜሪካ ካሴት ላይ አንድ ተጨማሪ ማስተካከያ ማየት ያስፈልጋል፤ በዚያ አገር የምስል ጥቁር ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር የመግቢያው የጥቁር መጠን በትክክል ካልተመረጠ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል። በሻማ ብርሃን የተቀረጸ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ጥቁር ፊትና ነጭ ነጠላ ባንድ ፍሬም ውስጥ ሲሆኑ፣ ይህ ስህተት ፊቱን ያደበዝዘዋል።

የምስሉ ቅርጽ ነገር ደግሞ ያው የምናየው ነው። ካሴት 4 በ3 ነው፣ ዛሬ ያለው ስክሪን 16 በ9። መቅጃው ምስሉን ሰፊ ነው ብሎ ከመዘገበው ሙሽራው ወፍሮ፣ ሚዜዎቹ አጥረው ይታያሉ፤ የመቅጃው ምልክት 4 በ3 እንዲሆን ማድረግና በግራና በቀኝ የሚቀረውን ጥቁር መታገስ ነው።

ቀሪው መቃወሚያ ከሁሉ የዘመነው ነው፦ ዲቪዲ ራሱ ሞቷል፣ አሁን ሁሉም በፍላሽና በስልክ ነው፣ ስለ መቅጃ ሜኑ ማውራት ምን ያደርጋል? እውቀቱና ጥሩ መሣሪያ ያለው ሰው በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቀድቶ በትልቅ ፋይል ቢያስቀምጥ ከዲቪዲ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በርካሽ የሚሸጡት በዩኤስቢ የሚሰኩ መቅጃዎች የአሮጌ ቴፕን የሚንቀጠቀጥ ምስል መከተል ሲያቅታቸው ፍሬም ይጥላሉ፣ ድምፁም ከከንፈሩ ይለያያል። አንዳንድ የዲቪዲ መቅጃዎች ይህን በመግቢያቸው ላይ ስለሚያስተካክሉት፣ ለምሳሌ የፓናሶኒኩን ኢኤስ10፣ ካሴት የሚያድኑ ሰዎች ዲስክ ባይቀዱበትም እንኳ በዴኩና በኮምፒውተሩ መሐል ያስገቡታል። በፍላሽ ተጭኖ የሚሰጠው ፋይልም ቢሆን አንዳንዴ መጀመሪያ ወደ ዲስክ ተቀድቶ እንደገና የታመቀ ነው፤ በአራት ሰዓት ሁነታ የተጣለውን የትኛውም ፍላሽ አይመልሰውም። ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ድርሻው ስንት ይሁን፣ ሥርዓቱ ፓል ነው ወይስ ኤንቲኤስሲ፣ ቅርጹ ምን ይሁን ተብሎ መወሰኑ አይቀርም። መሣሪያው ቢለወጥም ምርጫው የባለቤቱ መሆኑ አይለወጥም።

ምርጫዎቹ ሁሉ በትክክል ተደርገው ሥራው በመጨረሻው ደቂቃ ሊበላሽ ይችላል። ዲስኩ ፋይናላይዝ ካልተደረገ ከቀዳው ማሽን ውጭ በሌላ ማጫወቻ ላይከፈት ይችላል፤ ፋይናላይዝ እየተደረገ መብራት ከጠፋ ደግሞ ዲስኩ ጨርሶ ላይነበብ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር መቅጃውን ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት፣ ሃርድ ዲስክ ያለውን መቅጃ ማግኘት ከተቻለም መጀመሪያ በእሱ ላይ ቀድቶ ከዚያ ወደ ዲስክ ማሳለፍ ይመረጣል። ቪዲዮ ቤት የሚያስገልብጥ ሰው ከመክፈሉ በፊት ዲስኩን በሌላ ማጫወቻ እንዲያሳዩት መጠየቅ መብቱ ነው። ሲያይ የምርቃቱን ሳይሆን የጭፈራውን ክፍል ያስከፍት። ጥሩ ሆኖ ካገኘውም ካሴቱን ይዞ ይመለስ፣ ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ በሳጥኑ ውስጥ አቁሞ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ያስቀምጠው፤ ዴክ እስከተገኘ ድረስ ከማንኛውም ዲስክ የበለጠ መረጃ የያዘው እሱ ነውና።